ለእኔስ ተስተካክሏል? ስለ ምስል፣ ድምፅና የግርጌ ጽሑፍ መዛነፍ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ትንሽ ይመስላል። ፊልም ስናይ ተዋናዩ አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ሲመጣ፣ ወይም የግርጌ ጽሑፉ ገና ያልተነገረውን ቀድሞ ሲነግረን፣ አብዛኞቻችን ጥቂት አጉረምርመን ቁልፎችን መነካካት እንጀምራለን፤ ካልተሳካልንም ዘግተነው እንተኛለን። ለዚህ ደግሞ የአደባባይ ንግግር ምን አስፈለገው ብትሉ አይፈረድባችሁም። መልሴን ከአንድ የፈተና ወረቀት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቀድሞ አስተምርበት በነበረ ተቋም፣ ትምህርቶቼ በቪዲዮ እየተቀረጹ ለተማሪዎች ይሰጡ ነበር። በክፍሉ መስማት የተሳነው አንድ ተማሪ ስለነበረ ለእያንዳንዱ ቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ እናዘጋጅ ነበር። በአንዱ ትምህርት መካከል መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ 40 ሰከንድ ያህል ጨለማ ተቀረጸ። ጽሑፉ ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ ያን ጨለማ ቆርጬ የጣልሁት እኔው ራሴ ነኝ። ቪዲዮው አማረ፤ ጽሑፉን ግን አልነካሁትም። ስለዚህ ከዚያ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ጽሑፉ ከምስሉ 40 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀረ።

በዚያ ዕለት የማስተምረው ስለ ሁለት ማጣሪያዎች ነበር፤ አንዱ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ሞገዶች ያሳልፋል፣ ሌላው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን። ሁለቱም የሚሠሩት ከአንድ ሬዚስተርና ከአንድ ካፓሲተር ነው፤ ልዩነታቸው የሁለቱ ዕቃዎች ቦታ መለዋወጡ ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ ሁለተኛው ሥዕል ሲታይ፣ ከግርጌው የሚነበበው ገና የመጀመሪያው ማብራሪያ ነበር። ተማሪው በፈተናው ሁለቱን አገላብጦ መለሰ። እኔም ለጥያቄው ዜሮ ሰጠሁት።

ውጤቱ በተገለጸ በሳምንቱ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ቪዲዮውን ከፈተና በወረቀት ላይ «መምህር፣ እኔ የጻፍሁት እዚህ ያለውን ነው» ብሎ ጻፈልኝ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ማዳመጥ እንደጀመርሁ ስሕተቱ ወዲያው ገባኝ። ያን ቪዲዮ መስማት የሚችሉ ብዙ ተማሪዎች አይተውታል፤ ጽሑፉን ስለማይፈልጉት ግን አጥፍተውት ነበር ያዩት። ጽሑፉ የግድ የሚያስፈልገው ያ አንድ ተማሪ ደግሞ፣ ጽሑፉ መዛነፉን የሚነግረው ጆሮ አልነበረውም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው። የጽሑፍ መዛነፍን ለማወቅ የሚችለው በጽሑፉ የማይመራው ሰው ነው፤ በጽሑፉ የሚመራው ሰው ግን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ማስተካከል የተመልካቹ ዕዳ ሳይሆን የአዘጋጁ ኃላፊነት ነው። ይህን ኃላፊነት ለመወጣት ደግሞ ቁልፍ መነካካት አይበቃም፤ በሽታውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «የዛነፈው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። በአንድ ቪዲዮ ውስጥ ሦስት ተጓዦች አሉ፤ ምስል፣ ድምፅና ጽሑፍ። አንድ ሰው ፊት ለፊት ሲናገር ወይም ሲያጨበጭብ የሚታይበትን ቦታ ፈልጉ። ከንፈሩና ድምፁ ተስማምተው ጽሑፉ ብቻ ከተለየ፣ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። ከንፈርና ድምፅ ራሳቸው ካልተስማሙ ግን ጽሑፉን ለጊዜው አትንኩት፤ አስቀድማችሁ ድምፁን መርምሩ። የፊልም ባለሙያዎች በቀረጻ መጀመሪያ ላይ ክላፐር የሚሉትን ሰሌዳ የሚያጋጩት ለዚሁ ነው፤ ጣውላው ሲገጥም የሚታይበት ፍሬምና ጩኸቱ የሚሰማበት ቅጽበት አንድ መሆን አለባቸው።

የሰው ልጅ ይህን መዛነፍ የሚለየው በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ድምፅ ከምስል በ45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ተመልካች መለየት ይጀምራል፤ ድምፅ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ሚሊሰከንድ ድረስ ላያስተውለው ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት ገጠር ያደገ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያውን ሲያሳርፍ አስቀድመን እናያለን፣ ከዚያ በኋላ እንሰማለን፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛልና። ድምፁ ቀድሞ መጥረቢያው ከኋላ ሲወርድ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ተፈጥሮ መዘግየትን አስለምዳናለች፤ መቅደምን አላስለመደችንም።

ከንፈርና ድምፅ ሲለያዩ ደግሞ ፋይሉን ከመክሰሳችን በፊት አንድ ፈተና እናድርግ። በብሉቱዝ የጆሮ ማዳመጫ የምንሰማ ከሆነ ማዳመጫውን አጥፍተን በመሣሪያው በራሱ ድምፅ ማጉያ እንስማ። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ፣ ልኮ፣ መልሶ እስኪፈታ ድረስ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በመሣሪያው ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ሁሉም ከተስማማ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ጤነኛ ፋይል ደግሞ አይታከምም።

ሁለተኛው ጥያቄ «መዛነፉ ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ነው። ዓይነቱ ሦስት ነው፤ ሦስቱንም የምናውቃቸው ከሰዓታችንና ከቀን መቁጠሪያችን ነው።

የመጀመሪያውን ቋሚ መዛነፍ ልበለው። እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የምንለውን ሌላው ዓለም ሰባት ሰዓት ይለዋል። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ዛሬም ስድስት ነው፣ የዛሬ ዓመትም ስድስት ነው። ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ብቻ ይበቃል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሁለት ሰከንድ የሚዘገይ ጽሑፍም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው አዳጊ መዛነፍ ነው። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ስሕተት አይደለም። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ሳያዛንፍ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋል፤ የጎርጎርዮሳዊው ግን በ400 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይህን ተጨማሪ ቀን ይዘላል፤ በ1900 ዘልሏል፣ በ2100ም ይዘላል። የሁለቱ ዓመት ርዝመት በጥቂቱ ስለሚለያይ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። እዚህ ላይ መደመር ብቻ አያድንም፤ ለዛሬ ብታስተካክሉት ለነገ ይዛነፋል። ማስተካከል ያለባችሁ መነሻውን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱን ነው።

ሦስተኛው ዝላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1582 የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲታወጅ፣ በተቀበሉት አገሮች ከኦክቶበር 4 ማግስት የዋለው ኦክቶበር 15 ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉ ነገር ደኅና ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ጊዜ አሥር ቀን ጎድሏል። እኔ ቆርጬ የጣልሁት የ40 ሰከንድ ጨለማ የዚህ ዓይነት ነው።

አንድ ፋይል የትኛው በሽታ እንዳለበት ለመለየት ሦስት ቦታ ማየት ይበቃል፤ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን። በሦስቱም ቦታ ልዩነቱ እኩል ከሆነ ቋሚ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት፣ መካከል ላይ ብዙ፣ መጨረሻ ላይ እጥፍ ከሆነ አዳጊ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም ሳይኖር ከአንድ ቦታ በኋላ እኩል ሆኖ ከቀጠለ ዝላይ ነው።

አዳጊው መዛነፍ ከየት ይመጣል? ታሪኩ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተያያዘ ነው። የድምፅ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም እንዲሆን ተለመደ። ቴሌቪዥን ሲመጣ ግን በሰከንድ የሚያሳየው ምስል ብዛት ከኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ጋር እንዲሄድ ተደረገ። 50 ኸርዝ በሚጠቀሙ የአውሮፓ አገሮች 25 ፍሬም ሆነ፤ የእኛም አገር መብራትና ቴሌቪዥን ይህንኑ ተከትሏል። 60 ኸርዝ በምትጠቀመው አሜሪካ 30 ሆነ፤ የቀለም ቴሌቪዥን ሲጀመር ደግሞ ወደ 29.97 ዝቅ አለ። በዚህ የተነሣ 24 ፍሬም የነበረው ፊልም በአሜሪካ ሥርዓት 23.976 ሆኖ ይሠራጫል፤ በአውሮፓ ሥርዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ በጥቂቱ ተፋጥኖ በ25 ይታይ ነበር። የሁለት ሰዓቱ ፊልም አውሮፓ ሲደርስ 115 ደቂቃ ያህል ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ተርጓሚ በ25 ፍሬም ቅጂ ላይ ጽሑፍ ሠርቶ፣ ሌላ ሰው ያንኑ ጽሑፍ በ23.976 ቅጂ ላይ ቢያኖረው ምን ይሆናል? የሁለቱ ፍጥነት ንጽጽር 1.0427 ነው። በመጀመሪያዋ ደቂቃ ጽሑፉ በሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ይቀድማል። በአሥረኛው ደቂቃ 25 ሰከንድ ያህል ይሆናል። በአንድ ሰዓት ላይ 2 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ይደርሳል፤ ነፍሰ ገዳዩ ገና በሩን ሳይከፍት ጽሑፉ ኑዛዜውን አንብቦ ይጨርሳል።

ቪ.ኤል.ሲ. በተባለው ማጫወቻ በኮምፒውተር ላይ ጽሑፉን ወደፊትና ወደኋላ የሚገፉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ጽሑፉ ከቀደመ «ኤች»፣ ከዘገየ «ጂ» ይጫናል። ለድምፅ ደግሞ ከቀደመ «ኬ»፣ ከዘገየ «ጄ» ነው። አንድ ጊዜ ሲጫን 50 ሚሊሰከንድ ይገፋል። ለቋሚ መዛነፍ ይህ ግሩም መፍትሔ ነው። አሁን በጠቀስሁት ፊልም ላይ ግን አንድ ሰዓት ላይ ያለውን ልዩነት ለማጥፋት ቁልፉን ወደ 3,000 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጽሑፉ እንደገና በሁለት ሰከንድ ተኩል ይለያል። ብዙ ሰው ማጫወቻውን የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን ለአዳጊው በሽታ የቋሚውን መድኃኒት መስጠቱ ነው።

ትክክለኛው መድኃኒት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የቀጥታ መስመር ቀመር ነው። አዲሱ ሰዓት አሮጌው ሰዓት በአንድ ቁጥር ተባዝቶ፣ ሌላ ቁጥር ተደምሮበት የሚገኝ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ለማግኘት ሁለት ነጥብ ይበቃል። በመጀመሪያው አካባቢ አንድ ንግግር ምረጡ፤ በድምፅ የሚሰማው 60ኛው ሰከንድ ላይ ነው፣ በጽሑፉ ግን 57.5 ላይ ተመዝግቧል እንበል። በመጨረሻው አካባቢ ሌላ ምረጡ፤ የሚሰማው 5,400ኛው ሰከንድ ላይ፣ የተጻፈው ግን 5,178.8 ላይ ነው። በድምፁ በኩል በሁለቱ መካከል 5,340 ሰከንድ አለ፤ በጽሑፉ በኩል 5,121.3። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ብናካፍል 1.0427 እናገኛለን። ቁጥሩ ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ የ25ና የ23.976 ንጽጽር ነውና። ሰብታይትል ኤዲት የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሁለቱን ነጥብ ከሰጣችሁት ስሌቱን ራሱ ይሠራዋል፤ እኔ ግን ተማሪ አንድ ጊዜ በእጁ እንዲሠራው እመክራለሁ፤ ምን እየሆነ እንዳለ የሚገባው ያን ጊዜ ነውና።

ለዝላይ ግን አንድ መስመር አይበቃም። የተቆረጠበትን ቦታ ፈልጎ ከዚያ በፊት ያለውን ሳይነኩ ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ መግፋት ያስፈልጋል። ይህ ጥበብ ከድምፅ ፊልም ጋር እኩል ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» ሲታይ ድምፁ በፊልሙ ላይ አልነበረም፤ ከፕሮጀክተሩ ጋር በተያያዘ ሸክላ ላይ የተቀረጸ ነበር። ፊልሙ ተበጥሶ ሲቀጠል ጥቂት ፍሬሞች ከጠፉ፣ ሸክላው ያን አያውቅምና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። መፍትሔው በጠፉት ፍሬሞች ልክ ባዶ ጥቁር ፍሬም መቀጠል ነበር። እኔ የሠራሁት ስሕተት እንግዲህ አዲስ አይደለም፤ ያ ቆርጬ የጣልሁት ጨለማ ሥራ ነበረው፤ የጽሑፉን ሰዓት ይጠብቅ ነበር።

ኋላ ድምፁ ራሱ በፊልሙ ጠርዝ ላይ በብርሃን እንዲታተም ተደረገ። እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ ዘወትር የማነሣው ነገር አለ። በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ድምፁ ከራሱ ምስል ጎን አይታተምም፤ 20 ፍሬም ያህል ቀድሞ ይታተማል። ምስሉ በብርሃኑ ፊት እየቆመ ያልፋል፣ ድምፁ ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ በለስላሳ ጉዞ ይነበባል፤ ስለዚህ ሁለቱ አንባቢዎች በአንድ ቦታ ሊሆኑ አይችሉም። ተመልካቹ ዘንድ ተጣጥሞ እንዲደርስ በፊልሙ ላይ ሆን ተብሎ ተዛነፈ። መጣጣም የሚለካው በዕቃው ላይ ሳይሆን በተቀባዩ ዘንድ ነው።

ይህ ነጥብ ወደ ተማሪዬ ይመልሰኛል። ስሕተቴን እንዳወቅሁ በዚያው ቢሮ፣ በራሴ ኮምፒውተር፣ በማጫወቻው የመዘግየት ማስተካከያ ላይ 40 ሰከንድ ሞላሁ፤ ጽሑፉ ከድምፁ ጋር ገጠመ። ደስ ብሎኝ ወደ ተማሪው ዞርሁ። እርሱም ወረቀቱን ስቦ «ለእርስዎ ተስተካክሏል፤ ለእኔስ?» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነበር። እኔ ያስተካከልሁት ማጫወቻዬን ነው። ፋይሉ እንዳለ ነበር፤ በእርሱ ላፕቶፕ ላይም፣ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ላፕቶፕ ላይም እንደዛነፈ ይቀጥላል። በዚያ ላይ ያስገባሁት 40 ሰከንድ ከተቆረጠው ቦታ በፊት ያለውን ደኅና ክፍል አዛንፎት ነበር።

ስለዚህ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ቪዲዮ በማጫወቻ ቁልፍ አይታከምም፤ በፋይሉ ይታከማል። ኤስ.አር.ቲ. የሚባለው የጽሑፍ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ከዚያ መነሻና መድረሻ ሰዓት እስከ ሚሊሰከንድ፣ ከዚያ ንግግሩ፣ ከዚያ ባዶ መስመር። ማንም ከፍቶ ሊያርመው ይችላል። ሲያስቀምጠው ግን ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 በሚባለው አጻጻፍ ያስቀምጥ፤ አለዚያ ሰዓቱ ተስተካክሎ ፊደላችን በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል። ድምፁ ራሱ የዛነፈ እንደሆነም ኤም.ኬ.ቪ. ቱልኒክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የድምፁን መዘግየት በሚሊሰከንድ ጽፎ፣ ምስሉን እንደገና ሳይጨምቁ፣ አዲስ ፋይል ማውጣት ይቻላል።

ስለ ቋንቋችንም አንድ ቃል ልጨምር። ሰዓቱ በሚሊሰከንድ ቢገጥምም የአማርኛ ጽሑፍ በትርጉም ሊዛነፍ ይችላል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ከእርሱም ጋር አዎንታውና አሉታው፣ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ገና በመጀመሪያው ቃል «አልስማማም» ሲል፣ የእኛ ተርጓሚ ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍሎት ከሆነ፣ አንባቢው ተናጋሪው ራሱን እየነቀነቀ «የቀረበውን ሐሳብ በሙሉ» የሚለውን ብቻ ያነባል፤ «አልቀበልም» የሚለው ከአራት ሰከንድ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ በተቻለ መጠን አንድ ሐሳብ በአንድ ጽሑፍ ላይ ይለቅ፤ ካልተቻለም ማሰሪያውን ወደፊት የሚያመጣ አጭር ዐረፍተ ነገር ይመረጥ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ የምከተላቸው ደንቦች አራት ናቸው። ምስሉ ተቆርጦ ሳያልቅ ጽሑፍ አይሠራም። ጽሑፉ ከተሠራ በኋላ አንድ ሰከንድ እንኳ ቢቆረጥ፣ ጽሑፉ እንደገና ይፈተሻል። ፍተሻው በሦስት ቦታ ነው፤ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ። ፈታሹም ድምፁን ከፍቶ፣ ጽሑፉንም ከፍቶ የሚያይ መስማት የሚችል ሰው ይሁን። ይህ ሁሉ ለአንድ ትምህርት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የተማሪውን ነጥብ መለስሁለት፤ ቪዲዮውንም በፋይሉ አስተካክዬ በአሮጌው ፈንታ ሰጠሁ። ነገር ግን ላፕቶፑን ይዞ ባይመጣ ኖሮ ዜሮው ዜሮ ሆኖ ይቀር ነበር፤ እኔም እርሱ እንዳልተማረ እንጂ እኔ እንዳላስተማርሁት አላውቅም ነበር። እርሱ ደፍሮ መጣ። ሳይመጡ የቀሩ ስንት እንደሆኑ ማወቅ አይቻልም። በዚህ ፋኩልቲ የምንሰጣቸው የተቀረጹ ትምህርቶች እየበዙ ነው፤ ዛሬ የምናገረውም እየተቀረጸ ነው፤ የግርጌ ጽሑፍም ይኖረዋል። ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ራሴ አየዋለሁ።